ዐርፋለች

ቄስ አንድ ጊዜ ነው የሚያገባ። ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ወይ ቆብ ደፍቶ ይመነኩሳል፣ ወይ ክህነቱን አፍርሶ እንደ ማንኛውም ባላገር ይኖራል። ደጊቱ ይህን ከመምሬ ቀለመወርቅ ጋር ከቆረበችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ስለዚህ በግራ ጡቷ ውስጥ ያበጠው ነገር ሎሚ አክሎ በእጃቸው ባገኙት ጊዜ ባሏ ለምን እንደዚያ እንደ ደነገጡ አልጠፋትም። የሰፈሩ ሴቶች «እንዴት ቢወዷት ነው!» አሉ። እሷ ግን ዓይኗን ከላያቸው አልነቀለችም ነበርና መምሬ እጃቸውን ከጡቷ አንስተው መጀመሪያ የነኩት የራሳቸውን ጥምጣም እንደ ሆነ አይታለች።

ደጊቱ አስተዋይ ናት። ለዘር የሚቀመጠውን እህል የምትለቅመው እሷ ስለ ሆነች ጣቷ ምስርን ከጓያ፣ አተርን ከሽንብራ ሳታይ ይለያል። እብጠቱንም ገና አተር ሳለ አውቃዋለች። ሽንብራ ሲሆን ለማንም አልተናገረችም። ባቄላ ሲሆን ሥር ማሽ ዘንድ ሄዳ ቅጠል አስጨምቃለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጸበል ገብታለች። ልጅ አልወለደችምና «ያልጠባ ጡት ድንጋይ ይሆናል» ይሏት ነበር፤ እሷም እውነት ይሆናል አለች። ሎሚ ሲያህል ግን መደበቂያ አጣችለት።

በዚያው ዓመት አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከጠቅላይ ግዛቱ ፈቃድ አውጥቶ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ፣ የጡት ነቀርሳ የያዛቸውን ሴቶች ይሰበስባል የሚል ወሬ መጣ። መምሬ ወሬውን በሰሙ ማግስት በቅሎ ጫኑ። የታጨደው ገብስ ገና ደጅ ነበረ፤ እሱን እንኳ ለጎረቤት ትተው ደጊቱን ይዘው ሄዱ።

በሐኪሙ ደጅ ከእስቴም ከጋይንትም ከስማዳም የመጡ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ነበር። የሐኪሙ ረዳትም አፉም ደምሌ የሚሉት ድሬሰር ነው፤ ጎንደር የተማረ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ።

«ሁለት መድኃኒት አለን» አለ ደምሌ። «አንዱ መርፌ ነው፣ አንዱ ኪኒን። የትኛው እንደሚበልጥ ሐኪሙ አያውቅም። ስለዚህ እጣ ታወጣላችሁ፤ የወጣላችሁን ትወስዳላችሁ፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው እብጠቱን እየለካ ያያል።»

«ካላወቀ ምን ሐኪም ይባላል?» አለች ከስማዳ የመጣች ቀጭን ሴት። ውብነሽ ትባላለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ምላሷን የሚይዝላት አልተገኘም።

«ሌላው ሳያውቅ አውቃለሁ እያለ ነው የሚሰጥሽ። ይኼ አላውቅም አለ።»

«ታዲያ እሱ እንዲያውቅ እኛ እንሙት?»

ደምሌ ሳቀ እንጂ ይህን አልተረጎመም። ሐኪሙ ግን የሴቶቹን ፊት ተራ በተራ ያይ ነበር። ደጊቱ ዓይኑን አየችው። ክፉ ዓይን አይደለም። የእህል ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጆንያ ውስጥ እጁን የሚከት ነጋዴ ዓይን ነው።

«እጣ ነውር አይደለም» አሉ መምሬ ቀለመወርቅ፣ ጥርጥሩ እንዳይበዛ። «ማትያስም በይሁዳ ፈንታ በእጣ ነው የገባ።»

«መምሬ፣ ማትያስ ጡቱን አልታመመም» አለች ውብነሽ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። መምሬ አልሳቁም።

ለደጊቱ መርፌው ወጣላት። ለውብነሽም፣ ከጋይንት ለመጣችው ለአሮጊቷ ለአማረችም መርፌው ወጣ። መርፌው እንደ ኑግ ዘይት የወፈረ ነገር ነው፤ ዳሌ ላይ ሲወጉት ቀስ ብሎ እየከበደ ይገባል።

«ምንድር ነው እቴ ይኼ?» አለች ውብነሽ ቀሚሷን እየሰበሰበች።

«የኮርማ ነገር ነው» አለ ደምሌ። «ኮርማን ኮርማ የሚያደርገው።»

«እሰይ! እንግዲያው ለዘር እንጠመዳለን።»

«ኮርማ አይጠመድም፣ ይዋጋል እንጂ።»

«ከማን ጋራ? ባሌ እንደሁ ሞቷል።»

ደጊቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በየሁለት ቅዳሜው መምሬ በበቅሎ ያመጧታል፤ ትወጋለች፤ ሐኪሙ እንደ ሸርጣን እግር በተከፈተ ብረት እብጠቱን ግራና ቀኝ ይዞ ይለካል። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ደጊቱ የሐኪሙን ቋንቋ አታውቅም፤ ነገር ግን ቅንድቡን ማንበብ ተማረች። ማታ ማታ በራሷ ጣት ካገኘችው ጋር ስታስተያየው አንድ ጊዜም አልተለያየባትም። ሎሚው ቀስ በቀስ ወደ ባቄላ ወረደ። ከጥምቀት በፊት ባቄላው ቀርቶ ሽንብራ ነበረ። የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ፤ ክንዷ ጠነከረ፤ ለሁለት ሴት የሚከብደውን የገብስ ጆንያ ብቻዋን ከደጅ ወደ ጓዳ አስገባች። አሮጊቷን አማረችን ግን መርፌው አልያዘላትም፤ በታኅሣሥ ሞተች።

ከዚያም ጢሙ መጣ።

መጀመሪያ አገጯ ላይ ጥቂት ጥቁር ጸጉር ወጣ። እሾህ በምታወጣበት ወረንጦ ነቀለችው። በነቀለችው ቦታ ሌላ መጣ፤ ከንፈሯ ላይም ተጨመረ፤ ጉንጯም ወረሰው። ነቀላው ከአረም ሥራ የከፋ ሆነ፤ ቆዳዋም ቆሰለ፤ ብትተወው ይሻላል ብላ በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ መሸፈን ጀመረች። ድምፁ ግን በነጠላ የሚሸፈን አልሆነም። አንድ ጠዋት ከብቶቹን ልትከለክል ስትጮህ የጎረቤት ሰው «መምሬ፣ ምን ሆኑ?» እያለ ሮጦ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ አፉን ፈታ። ምንጭ ስትወርድ የመንደሩ ሴቶች እንደ ካህን እጅ ይነሷታል።

«እንደምን አደሩ፣ መምሬ?» ትላለች ሐረገ ወይን፣ የአጥቢያው የጭቃ ሹም ሚስት፣ በአንቱታ፣ ጎንበስ ብላ። «ይፍቱኝ እስቲ።»

ውሃ ቀጂዎቹ ይንከተከታሉ። ከቤታቸውም ደጅ ሰው መጥቶ «መምሬ አሉ?» ሲል ሌላው ከመንገድ ይቀበለዋል፤ «የትኛውን ነው የምትፈልግ? የሚቀድሱትን ነው የሚያቦኩትን?» ይለዋል። በጥምቀት ቀን በሴቶች በኩል ቆማ ሳለች ሐረገ ወይን ከፍ ባለ ድምፅ «እመቤቶቼ፣ ወንድ ገብቶብናል፣ ተሸፈኑ!» አለች፤ ዲያቆኑ እንኳ ሳቀ።

ደጊቱ ይህን ሁሉ ቻለችው። ለመቻል ምክንያት ነበራት፤ ሽንብራው አተር ሆኖላታል። የምትሰድባት ሴት ሁሉ አፏን ስትከፍት እሷ ጣቷን ከቀሚሷ ሥር ሰድዳ አተሩን ትነካለች፤ ትረጋለች።

መምሬ ቀለመወርቅ ግን የሚነኩት ነገር አልነበራቸውም። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ፣ ድምፃቸው ከሦስት ደብር ሰው የሚያሰባስብ ካህን ናቸው። አሁን ቅኔ ማህሌት ሲገቡ ካህናቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። በአንድ ተዝካር ላይ ጠላ የሞቀው አንድ ሰው «ጢማም ሚስት ከማቀፍስ ቆብ መድፋት ይሻላል» አለ፤ ቤቱ ሁሉ ፈነዳ። መምሬ ከዚያ ቀን ወዲህ መኝታቸውን ለዩ። ከአንድ ገበታም አልቆረሱም። ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ አንስተው ከትከሻዋ በላይ ያለውን ግድግዳ እያዩ ያነጋግሯታል።

ከጾም በፊት በመጨረሻው ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ሲደርሱ መምሬ ደምሌን ራሳቸው ጠየቁት። ደጊቱ አጠገባቸው ቆማለች።

«ይኼ ጸጉር ይለቃታል?»

«መርፌው ሲቆም ይረግፋል፣ መምሬ። ድምፁ እንኳ ላይመለስ ይችላል።»

«መርፌው ሲቆም በሽታውስ?»

«በሽታው ይመለሳል። ሐኪሙ ያለው እንደዚያ ነው። አሁን ታስሯል እንጂ አልሞተም።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱንም መልስ ሰምተዋል። ደጊቱም ሁለቱንም መስማታቸውን አይታለች።

ሁዳዴ ሲገባ ጠዋት፣ በቅሎዋ ሳትጫን፣ መምሬ ጠሯት።

«እስከ ፋሲካ ዕረፊ» አሏት። «የኮርማ ነገር ነው ብሎናል። ቅቤና ወተት የሚያስፈታውን ጾም የኮርማ ዘይት በሥጋሽ አስገብተሽ ጾምሁ ትያለሽ?»

«በአፌ አይገባም፣ መምሬ።»

«ከአፍ የከፋ ነው። ከደም ጋር ነው የሚዋሐድ።»

«ለሕሙም ይፈቀዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ሲያስተምሩ።»

«ለሕሙም ይፈቀዳል። አንቺ ታመሻል? ጆንያ ተሸክመሽ የምትሮጪ፣ ከእኔ የምትበረቺ! ወይ ሕሙም ነሽና ተኚ፤ ወይ ደህና ነሽና ጹሚ።»

እሷም አጥብቃ መሟገት አልፈለገችም። ሁለት ወር ነው፤ በሁለት ወር አተር ሎሚ አይሆንም፤ ከአተር እስከ ሎሚ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ከማንም በላይ ታውቃለች። ለፋሲካ ንጹሕ አገጭ ይዛ በሴቶች መካከል ለመቆምም ተመኝታ ነበር። «እሺ» አለች፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ። መምሬ ድምፁን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በጾሙ አጋማሽ መምሬ ለደብሩ ጉዳይ ወደ መካነ ኢየሱስ ወረዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዝናንቶ ነበር። ደጊቱ የደብሩ ነገር ተቃንቶላቸው ይሆናል አለች።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በቅሎዋ አንካሳ ናት ተባለ። ደጊቱ ከእሳቸው ጋር አልተከራከረችም፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ በእግሯ ወጣች። አተሩ ሽንብራ ሆኗል፤ ጢሟ ሳስቷል እንጂ ገና አልጠፋም። ነጠላዋን እንደ ካባ ተከናንባ፣ ብትር ይዛ፣ ፀሐይ ሲከር ከቆርቆሮው ቤት ደረሰች።

ዘበኛው ከበሩ ላይ አልተነሣም። «አባ፣ ዛሬ የሴቶች ነው። ሌላ ሕመም ያለበት ወንድ ሐሙስ ነው የሚታይ።»

«ሴት ነኝ።»

«ኧረ ይተዉ አባ፤ መነኩሴ አይዋሽም።»

ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ብድግ አለች። ውብነሽ ነች። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ወደ ደጊቱ ቀርባ ፊቷን አየችና ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ አማተበችም።

«በስመ አብ! አንቺ ሞተሽ የለም እንዴ?»

«ማን ነው የሞተ?»

«አንቺ! አልቅሰን! እዚህ ወንበር ላይ ነጠላ አዘቅዝቀን አልቅሰንልሽ!»

«ማን አላችሁ?»

«ባልሽ ነዋ! መምሬ!» ውብነሽ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ዘጭ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያለ ቀልድ፣ ተናገረች። «አማረች ሞተች። አንቺም ሞትሽ ተባለ። ሁለት ሰው ሲሞት ሐኪሙ መርፌው ይገድላል ብሎ አቆመው። ለሁላችንም አቆመው፣ ደጊቱ። የእኔ እንቁላል የሚያህለው ሟምቶ ባቄላ ሆኖልኝ ነበር። ተመልሶ ይኸው።» ጡቷን በነጠላዋ ላይ ደገፈችው። «እኔ የሚከለክለኝ ባል የለኝ፤ በአንቺ ባል ልሙት?»

ደጊቱ በሩን ገፍታ ገባች፤ ዘበኛው «አባ! አባ!» እያለ ተከተላት።

ደምሌ ጠርሙስ እያጠበ ነበር። አያትና ጠርሙሱን አስቀመጠ። «የማነህ ... የማነሽ?» አለ። እሷም ቀሚሷን ከግራ ትከሻዋ አወረደች። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። ፊቷን አላወቀውም፤ ጡቷን አወቀው። ብረቱን አንሥቶ መጣ፤ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ቅንድቡ ወጣ። ከዚያ እየሳቀ እጇን ጨብጦ ወዘወዛት፤ ቶሎ ቶሎ እየተናገረ ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ አንድ መሥመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ፎቶግራፍ ማንሻ አምጥቶ ከፊት አነሣት፤ ከጎን አነሣት፤ አገጯንም ቀና አድርጎ አነሣት።

«በጣም ደስ ብሎታል» አለ ደምሌ። «ስለ መርፌው ተሳስቼ ነበር ይላል። አንቺ በሕይወት ካለሽ መርፌው ይሠራል ማለት ነው ይላል።»

«እንግዲያው ውጉኝ።»

ደምሌ ተረጎመ። የሐኪሙ ሳቅ ጠፋ። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አሳያት፤ በአንደኛው ወገን የኪኒን ብልቃጥ አለ፤ በሌላው ወገን ባዶ ጣውላ ብቻ።

«የቀረውን መርፌ ክረምት ሳይገባ ብሎ በመኪና መልሶታል» አለ ደምሌ። «መርፌው ጎንደር ደርሶ ወደ መጣበት አገር ተመልሷል። ዛሬውኑ እጽፋለሁ ይላል። ግን በመርከብ ነው የሚመጣ፤ መንገዱም ሊዘጋ ነው። ከመስቀል በኋላ ይላል። እስከዚያው ኪኒኑን ዋጪ። ደግሞ በየወሩ ነይ ይላል።»

«መርፌ ከሌለ ምን ላደርግ ልምጣ?»

ደምሌ የቁም ሣጥኑን በር መለሰ። «ሊለካሽ። ያለ መርፌው በስንት ጊዜ እንደሚያድግ ማወቅ ይፈልጋል።»

ደጊቱ ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «አንተ ነህ መሞቴን የተቀበልህ?»

«ምን ላድርግ፣ እመቤቴ!» ደምሌ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ደጊቱ ለምን ቀረች ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ዐርፋለች› አሉኝ። ካህን ዐርፋለች ሲል ሌላ ምን ይባላል? ነፍስ ይማር አልኋቸው። አሜን አሉ።»

ቤቷ ስትደርስ መምሬ ከደጅ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ድረስ ቆመች። ከፊታቸው አልራቀችም።

«ሞታለች ብለዋቸዋል።»

«ሞታለች አልወጣኝም» አሉ መምሬ፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ። «ካህን ነኝ፤ አልዋሽም። ለምን ቀረች አለኝ፤ ዐርፋለች አልሁት። እስከ ፋሲካ ዕረፊ ብዬሽ ዐርፈሽ አልነበረም? ሐሰቱ የቱ ላይ ነው?»

«ነፍስ ይማር ሲልዎስ?»

«ነፍስ ይማር ሲባል አሜን የማይል ክርስቲያን አለ? ለሞተውም ለቆመውም ይባላል።»

«መምሬ፣ እርስዎ ቅኔ የተቀኙ ሰው ነዎት። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሆን የሰማው ሰው የቱን ይዞ እንደ ሄደ ያውቃሉ።»

መምሬ መጽሐፉን ከደኑት። ዓይናቸውን አንሥተው ለብዙ ጊዜ ያላዩትን ፊቷን አዩ፤ ጢሙ የሳሳበትን ቦታ በጥንቃቄ መረመሩ።

«ቀንሷል» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። በይ የእግር ውሃ አምጪልኝ።»

ክረምቱ ገባ፤ የመካነ ኢየሱስ መንገድ ጭቃ ሆነ፤ ወንዙ ሞላ። ደጊቱ ኪኒኑን ዋጠች። ኪኒኑ ያስታውካታል፤ ለጢሙ ግን ፍቱን ነበር፤ በሐምሌ አገጯ እንደ ልጃገረድ ሆነ። ጡቷ ውስጥ ደግሞ ሽንብራው ባቄላ፣ ባቄላውም እንቁላል ሆነ፤ በነሐሴ መጨረሻ ብብቷ ሥር ሌላ አዲስ አገኘች። ውብነሽ በፍልሰታ መሞቷን አንድ የስማዳ ሰው አወራ። መስቀል ካለፈ በኋላ ደጊቱ እንደ ምንም ተነሥታ መካነ ኢየሱስ ወረደች፤ ቆርቆሮውን ቤት እህል ነጋዴ ተከራይቶት አገኘች። ሐኪሙ በክረምቱ ታምሞ አገሩ ገብቷል፤ ደምሌም ወደ ጎንደር ተመልሷል አሏት። መርፌ መጥቶ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መንደሩ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመምሬ ሚስት ጢም ጠፍቷል። የሚንቋት ሁሉ ደግ ሆኑ። ምንጭ ስትወርድ እንስራዋን ይሸከሙላታል፤ «እንኳን ማረሽ፣ ሚካኤል ነው ያወጣሽ» ይሏታል። መምሬም ወደ ገበታቸው መለሷት። ለኅዳር ሚካኤል ሙክት አርደው ካህናቱንና ጎረቤቱን ጠሩ፤ ስለቱን እኔ ነኝ የተሳልሁ አሉ።

ቤቱ ሞላ። ሐረገ ወይን ከሴቶቹ መካከል ወጥታ የደጊቱን አገጭ በመዳፏ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«እዩልኝ! የእንቁላል ቅርፊት! እናንተዬ፣ ለዚህ ያልተባለ እልልታ ለምን ይሁን?»

እልልታው ቀለጠ። መምሬ ቀለመወርቅ ተነሥተው ስለ መልአኩ ምሕረት፣ ስለ ጾም ኃይል፣ ከሥጋ መድኃኒት ስለሚበልጠው የነፍስ መድኃኒት አጠር አድርገው ተናገሩ። ሰው ሁሉ ወደ ደጊቱ ዞረ፤ እሷም አንድ ቃል ታመስግን አሉ።

ደጊቱ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«እልል አትበሉ» አለች።

ጢሙ ሄዶ ድምፁ አልሄደም ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ከዚያ ከልጃገረድ ፊት ሲወጣ ሴቶቹ ደነገጡ፤ ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ጢሙ የረገፈው መርፌው ስለ ቀረ ነው። መርፌውን ያስቀሩት ደግሞ ...»

መምሬ ድጓቸውን አነሡ። ከፍ ብሎ፣ ሰፍቶ፣ ቤቱን የሚሞላ ያ ድምፃቸው የሚካኤልን ዜማ ጀመረ። ካህናቱ ብድግ ብለው ተቀበሉ፤ ከበሮው ተመታ፤ ጽናጽሉ ተንቃጨለ። ደጊቱ መናገሯን አላቆመችም። ነገር ግን ድምፅዋ ከካህናቱ ድምፅ ጋር እኩል ወፍራም ስለ ሆነ ከመካከላቸው አልለይ አለ፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት እሷም አብራ የምታዜም መሰላቸው።

«ዜማውን ከመምሬ ለምዳዋለች» አለች አንዷ።

«ታመስግን እንጂ፣ ምን አለባት» አለች ሌላዋ።

ደጊቱ የያዘችውን ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረች። ማን ዐርፋለች እንዳለ፣ ማን አሜን እንዳለ፣ ማን በፍልሰታ እንደ ሞተች፣ አሁን ከብብቷ ሥር ያለው ምን እንደሚያህል፣ አንዱንም አላስቀረችም። ስትጨርስ ዜማው ገና አላለቀም ነበር። ተቀመጠች።

ሐረገ ወይን በወገቧ ጎንበስ ብላ ዋንጫዋን ሞላችላት።

«ጠጪ እንጂ እህቴ፣ የአንቺ ድግስ እኮ ነው!»

ደጊቱ ግራ እጇ ከጎኗ አልነሣ ስላላት በቀኟ ብቻ ተቀበለች።